ሆስፒታል የተኛ ሞተረኛ ጓደኛችንን ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ እንዴት እንደግፈው?

የሜክሲኮው ሞተረኛ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ለገሃርና ስታዲየም ባለው አካባቢ በሞተር ሳይክል ምግብና ዕቃ እያደረስን ከምንተዳደር ጓደኛሞች መካከል አንዱ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ከባድ አደጋ ደርሶበታል። ከፒያሳ ተነሥቶ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ሲወርድ፣ ከግራው መስመር ምልክት ሳያሳይ ወደ ቀኝ የታጠፈ የቤት መኪና መንገዱን ዘጋበት። ዝናቡ ገና ማካፋት የጀመረበት ሰዓት ስለነበር፣ አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ተደባልቆ መንገዱን አሙልጭልጮት ኖሮ፣ ፍሬን ሲይዝ የኋላ ጎማው ከዳው። ሄልሜቱን አጥብቆ በማሰሩ ሕይወቱ ተርፏል፤ ሆኖም የቀኝ እግሩ የቅልጥም አጥንት ቆዳውን በስቶ እስኪወጣ ድረስ ተሰብሯል፣ ጭንቅላቱም በመመታቱ ለጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ ነበር።

አሁን በመሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአጥንት ሕክምና ክፍል ተኝቷል። ቁስሉ ታጥቦ እግሩ ከውጭ በኩል በብረት ታስሮለታል፤ ቁስሉ ንጹሕ መሆኑ ሲረጋገጥ ደግሞ በሌላ ቀዶ ሕክምና የውስጥ ብረት እንደሚገባለት ሐኪሞቹ ነግረውናል።

እኛ ሞተረኞች በአደጋው ዕለት ምን ማድረግ እንዳለብን እናውቅበታለን። «እገሌ ወደቀ» የተባለ እንደሆነ ሥራውን ጥሎ የማይመጣ የለም፤ የድንገተኛ ክፍሉ ደጃፍ ሄልሜት በክንዱ ባንጠለጠለ ሰው ይሞላል፣ በቴሌግራም ቡድናችን ጥሪ ይተላለፋል፣ ገንዘቡም በቴሌብር እየተላከ ሳይመሽ ይሰበሰባል። የሚያስቸግረን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በምሳ ሰዓት ሁላችንም በአንድ ላይ እንሄድና አልጋውን ከብበን እንቆማለን፤ ኮመዲኖው ላይ ብርቱካንና የታሸገ ጁስ ተከምሮ የመድኃኒቱ ማስቀመጫ እንኳ ጠፍቷል። እሱ ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚህ በፊት ድምፁ እንኳ የማይሰማ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ሕፃን ታቅፋ ቀኑን ሙሉ የምትመላለሰው ባለቤቱ ላይ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። መምጣታችን ይጥቀመው ይጉዳው መለየት አቅቶናል።

በሌላ በኩል ከጎጃም ድረስ የመጡ አጎቱ «ይህን ያህል ቀን ብረት ታስሮ ከሚጋደም በአገራችን የታወቀ ወጌሻ ስላለ ልውሰደው» እያሉ ነው። ሰውየው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ለእሱም እንደ አባት ስለሆኑ ፊት ለፊት ልንከራከራቸው አልደፈርንም። የተዋጣውንም ገንዘብ በተመለከተ ገሚሳችን ለባለቤቱ ይሰጥ ስንል፣ ገሚሳችን ደግሞ የእንጀራ ገመዱ ነውና ሞተሩ ይጠገንበት እንላለን። ሞተሩ እስካሁን ፖሊስ ጣቢያ ቆሟል። ወንድማችን በወር ደመወዝ የሚሠራው ለአንድ ምግብ ቤት ሲሆን የጽሑፍ ውል የለውም፤ ባለቤትየው አንድ ጊዜ ገንዘብ በፖስታ ይዘው መጥተው ከጠየቁት ወዲህ ስልክ አያነሡም።

በዚህ ነገር ያለፋችሁ፣ በሕክምናው ሙያም ያላችሁ፣ ምን ማድረግ እንዳለብን ብትመክሩን ውለታችሁን አንረሳም።


ክራንች የጣለ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ጓደኛችሁን እግዚአብሔር ይማረው። እኔም በጭኔ አጥንት ስብራት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኝቼ ስለነበር፣ የምጽፍልህ ከአልጋው በኩል የሚታየውን ነው።

ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞሩን እንደ ጥላቻ አትዩት። ለተኛ ሰው ጠያቂ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሲመጣ «እንዴት ሆነህ ነው የወደቅከው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በሽተኛውም አክብሮ የመጣን ሰው ዝም ማለት ነውር ስለሚሆንበት፣ ሊረሳው የሚፈልገውን ቅጽበት በቀን አሥር ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይደግመዋል። ይህ ሲያልቅ ደግሞ ጠያቂው በተራው «የእኛ ሰፈር ልጅ እኮ እንዲሁ ወድቆ…» ብሎ የሌላ ሰው አሟሟት ይተርክለታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ድጋፋችሁ ይህን ማስቆም ይሁን። አደጋውን እንዳይጠይቁት ከቡድናችሁ ጋር ተስማሙ፤ እሱ ራሱ ካነሣው ብቻ ስሙት። ይልቅ ስለ መንገዱ፣ የትኛው አደባባይ ላይ ትራፊክ እንደበዛ፣ ማን ከደንበኛ ጋር እንደተጣላ፣ ኳሱ እንዴት እንደ ዋለ አውሩለት። እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ ጠያቂ ጋዜጣ ይዞ መጥቶ ጎኔ ቁጭ ብሎ ለራሱ ያነብ የነበረው ሰውዬ ነው።

ሁለተኛው ነገር ተራ ማውጣት ነው። በአንድ ቀን ሃያ ሰው ከሚመጣ በየቀኑ ሁለት ሰው ቢመጣ ይሻላል። ከዚህ ውስጥ ደግሞ ዋናው ሌሊቱ ነው። ቀን ቀን ጠያቂ አይጠፋም፤ ሌሊት ግን ማስታገሻው ኃይሉ ሲቀንስ፣ ሽንት ሲመጣ፣ ትራሱ ከእግሩ ሥር ሲንሸራተት፣ ጎኑ ያለ ሰው ያስፈልገዋል። ባለቤቱ ሕፃን ይዛ ይህን ሁሉ ልትችለው አትችልም። ከእናንተ መካከል ሌሊቱን በአስታማሚነት የሚያድር ሰው በተራ መድቡና እሷ ቤቷ ገብታ ትተኛ፤ የአስታማሚ መግቢያ ካርዱን እየተቀባበላችሁ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ከክፍሉ ኃላፊ ነርስ ጋር ተነጋገሩ። ፖፖውን ለማቅረብና ለማጠብ የማይጸየፍ ወንድ ጓደኛ ለተኛ ወንድ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ተኝቶ ያላየ ሰው አያውቀውም፤ ሚስቱ ወይም እናቱ ስታደርገው የሚሰማው እፍረት ከስብራቱ ያላነሰ ነው።

ቁጣውን በተመለከተ ስለ ጭንቅላቱ የሚያውቁ ሰዎች ይመልሱልህ፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሰው ቁጣውን የሚያወጣበት ሌላ ቦታ የለውም። አልጋው ላይ ሆኖ የሚያሰላው የቤት ኪራዩን ነው። እኔ በነበርኩበት ክፍል ሰዎች ስለ ሕመማቸው ከሚያወሩት ይልቅ ስለ ወር መጨረሻ የሚያወሩት ይበዛ ነበር። «አይዞህ፣ ገንዘብ ይመጣል፣ ይሄዳል» ከምትሉት «የሚቀጥለው ወር ኪራይ ተከፍሏል፣ ይኸው ደረሰኙ» ብትሉት ፊቱ ወዲያው ይፈታል።

ከዕቃም ቢሆን የሚጠቅመውን ልንገርህ። ረጅም ገመድ ያለው የስልክ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የሚታጠፍ ቀሰም ያለው ኩባያ፣ ቀጭን አንሶላ፣ እርጥብ ፎጣ። አንድ ጓደኛዬ ሁለት የስፖርት ሱሪዎቼን ወስዶ ለልብስ ሰፊ ሰጣቸውና፣ የቀኙን ጎን ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት አስተርትሮ ዳርና ዳሩን በሚጣበቅ ጨርቅ አሰፋልኝ፤ ያን ሱሪ እግሬ ላይ ያለውን ብረት ሳይነካ እንደ መጽሐፍ ገልጬ እለብሰውና አወልቀው ነበር። ከዚያ በፊት በአንሶላ ተሸፍኜ ነበር የምውለው። ሱሪ ለብሼ ጠያቂ ስቀበል ሰው መሆኔ ታወቀኝ። ፀጉሩን የሚያስተካክል ሰው ፈልጋችሁም ውሰዱለት፤ ነገር ግን አስቀድማችሁ ነርሶቹን አስፈቅዱ።

የመጨረሻው፣ ከሆስፒታል ሲወጣ ነው ሰው የሚያልቀው። የተኛ ሰው ጠያቂ አያጣም፤ ቤቱ የገባ ሰው ግን «ዳነ» ተብሎ ይተዋል። የእኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ ሽንት ቤቱም የቁጢጥ ነበር። ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ቤቱን ሄዶ ይይ፤ ደረጃ ስንት ነው፣ ሽንት ቤቱ ላይ የሚቀመጥበት ወንበር መሥራት ይቻላል ወይ፣ ለቀጠሮ ሲሄድ ኮንትራት ታክሲ በሩ ድረስ ይገባል ወይ የሚለውን ከአሁኑ አጥኑ።


የአጥንት ክፍል ነርስ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከላይ የተጻፈውን በሙሉ እደግፋለሁ፤ ከክፍላችን የዕለት ተዕለት ሥራ ያየሁትን ጥቂት ልጨምር።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ከሆነ፣ ቀጠሮው በተያዘለት ዕለት ከነርስ ፈቃድ ውጭ ምንም ነገር አታብሉት፣ አታጠጡት። ይህን ደጋግሜ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በሽተኛው ከሌሊት ጀምሮ ጾሞ፣ ስሙ በቀዶ ሕክምናው ዝርዝር ላይ ወጥቶ፣ ጠዋት የመጣ አንድ ደግ ጠያቂ «ከንፈርህ ደርቋል» ብሎ አጥሚት ወይም ጁስ ያጎነጨዋል። ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ፣ ማደንዘዣ በሚሰጥበት ጊዜ ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድል ስለሚችል ቀዶ ሕክምናው ይሰረዛል፤ ተራው እንደገና እስኪደርስ ደግሞ ቀናት ያልፋሉ። ስለዚህ በዚያ ዕለት አልጋው ላይ «ምግብ አይሰጥ» የሚል ወረቀት ለጥፉ፣ ከእናንተም አንዱ ጎኑ ሆኖ ይጠብቀው።

ቁጣውን በሚመለከት፣ ጭንቅላቱ ተመትቶ ራሱን የሳተ ሰው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ቶሎ ሊናደድ፣ ብርሃንና ጫጫታ ሊያስጠላው፣ የተነገረውን ሊረሳ፣ እንቅልፉ ሊዛባ ይችላል። የጠባይ ለውጥ የመሰላችሁ ነገር ከጉዳቱ አንዱ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩት፤ ባለቤቱም ይህን ብታውቅ ሸክሙ ይቀልላታል። ሃያ ሰው ከብቦት መቆሙ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም የማይስማማበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ነገር ግን ራስ ምታቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ንግግሩ ከተጎላደፈ ወይም ተኝቶ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ጠባይ ነው ብላችሁ ሳትተዉ ወዲያውኑ ነርስ ጥሩ። እንዲሁም የተሰበረው እግር ጣቶች ከገረጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፣ ማስታገሻ ወስዶም ሕመሙ እየባሰ ከመጣ፣ ወይም በድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ «ሐኪሙ ጠዋት ራውንድ ሲመጣ እንነግረዋለን» አትበሉ።

አስታማሚው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን በማገላበጥ ወይም ከተኛበት ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ በመርዳት የአልጋ ቁስልን መከላከል ይችላል። እንዴት እንደሚገለበጥ ግን አስቀድማችሁ ነርሷ ታሳያችሁ፤ ከውጭ የታሰረውን ብረት እንደ እጀታ ይዞ እግሩን ማንሣት አይገባም። ብረቱ ቆዳውን በስቶ የገባበት ቦታ ላይ ቅቤም፣ ማርም፣ ሌላም ነገር አይቀባ። እጃችሁን ሳትታጠቡ አትንኩት፤ አልጋው ላይም አትቀመጡ፤ ሕፃኑም ባይመጣ እመርጣለሁ። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ጓደኞቹ «አንዲት ብቻ» ብላችሁ ደብቃችሁ ወደ በረንዳ እንዳትወስዱት አደራ፤ ሲጋራ አጥንት እንዳይገጥም የሚያዘገይ መሆኑ የተረጋገጠ ነገር ነው።

ስለ ምግቡ፣ ብርቱካኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን አጥንትና ቁስል የሚጠገነው በፕሮቲን ስለሆነ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ዓሣ ቢያገኝ ይመረጣል። የሚጾም ከሆነ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሽሮና ለውዝ በብዛት ይብላ፤ ለሕመምተኛ የሚደረገውን አስተያየት በተመለከተ ደግሞ የንስሐ አባቱ ቢያነጋግሩት ከእኛ ምክር ይልቅ ይሰማል። ሁላችሁም ጁስ ከምታመጡ በየተራ ከቤት የተሠራ አንድ አንድ ምሳ ይምጣለት።

አሁን ወደ አጎቱ ልምጣ። የተከፈተ ስብራት፣ ማለትም ቆዳ የተበሳበት ስብራት፣ ወጌሻ የሚነካው አይደለም። ቁስሉ ጀርም ይዞ አጥንቱ ውስጥ ከገባ ለዓመታት የማይለቅ ሕመም ይሆናል። በቀርከሃ ተጠፍንጎ የታሰረ እግር ደም አልደርስ ብሎት ሞቶ የተቆረጠባቸውን ወጣቶች በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከእነሱም መካከል መጀመሪያ ሲመጡ ስብራታቸው ቀላል የነበረ አሉ። ይህን ግን እናንተ ለአጎቱ በአደባባይ አትንገሯቸው። ጠዋት ከራውንድ በኋላ ሐኪሙን አስፈቅዳችሁ፣ አጎቱን «እርስዎ እንደ አባቱ ስለሆኑ ሐኪሙ ለእርስዎ ሊያስረዳ ይፈልጋል» ብላችሁ ብቻቸውን አቅርቧቸው፤ ራጁን በብርሃን ላይ አድርጎ አጥንቱ የተሰበረበትን፣ ብረቱ የያዘበትን፣ ቁስሉ ያለበትን ያሳያቸው። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ወጌሻ የሚሉት ልጁ ተጋድሞ ምንም ሳይደረግለት ቀን የሚቆጠር ስለሚመስላቸው ነው። የሚጠበቀው ምን እንደሆነ፣ የቅልጥም ስብራት በዘመናዊ ሕክምናም ቢሆን እስኪገጥም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር እንደሚፈጅ፣ የተከፈተው ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ እንደሚችል ሲነገራቸው ይረጋጋሉ።

ደም ከተጠየቃችሁ ደግሞ አትደናገጡ። ከእናንተ መካከል ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስና ጤነኛ የሆነ ሰው በየ3 ወሩ መለገስ ይችላል። ስታዲየም አካባቢ ወዳለው ብሔራዊ ደም ባንክ በቡድን መሄድ ለእናንተ ሰፈር ሰው ሩቅ አይደለም፤ ለእሱ ባያስፈልግ እንኳ ጎኑ ለተኛው ይሆናል።


አንጋፋው ሞተረኛ፦

የእኔ ልጆች፣ ከላይ የተጻፈው የእግሩ ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ወረቀቱ ልናገር፤ ወረቀት የሚያዘው አሁን ትኩሱን ነው፣ ሲቀዘቅዝ ምስክርም አይገኝም።

ትራፊክ ፖሊስ ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ ማንሣቱን አረጋግጡ፤ የመዝገብ ቁጥሩንም ያዙ። የመኪናውን ሰሌዳ፣ መስታወቱ ላይ ከተለጠፈው የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት የመድን ድርጅቱን ስም፣ አደጋውን ያዩ ሰዎችን ስልክ ጻፉ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የከተማው አስተዳደር በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ካወጣ ወዲህ በማኅበር ታቅፎና ጂፒኤስ ተገጥሞለት የሚሠራ ሞተር ከሆነ፣ ያ መሣሪያ የዚያን ሰዓት ፍጥነትና ቦታ መዝግቦ ሊገኝ ስለሚችል መረጃው ሳይጠፋ ማኅበሩን በደብዳቤ ጠይቁ። «ሞተረኛ ሁሉ ይከንፋል» የሚል ወሬ ቶሎ ስለሚመጣ ይህ ማስረጃ ዋጋ አለው።

ይህን የምለው በሕጉ ምክንያት ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጥርና ጉዳቱን ለሁለት ያካፍላል፤ ይህ የሚቀረው ግጭቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ነው። ሞተርም በሕግ ፊት ተሽከርካሪ ነው። እንግዲህ ምልክት ሳያሳይ የታጠፈው ሰው ጥፋት በፕላኑና በምስክር ካልተያዘ፣ የወንድማችሁ ካሣ በግማሽ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ካሣ የሚጠየቅበት ጊዜም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት መሆኑን አትርሱ፤ «ድኖ ይጠይቃል» እየተባለ ብዙ ሰው አልፎበታል።

የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ያዛል፤ አዋጁ ሲወጣ ለዚህ የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ስለነበር፣ በዛሬ ዋጋ የት እንደሚያደርስ እናንተው ታውቃላችሁ። ከመድኑ ጣሪያ በላይ ያለው የሚጠየቀው ከመኪናው ባለቤት ነው። ለዚህም ደረሰኝ ያስፈልጋል። ከውጭ የተገዛች መርፌ፣ ፋሻ፣ የታክሲ ክፍያ ሳትቀር አስቆርጡና በአንድ ፖስታ አስቀምጡ። መድኃኒቱን ስትገዙ መጀመሪያ ከነማ ወይም የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋቸው ይሻላል።

አሠሪውን በተመለከተ፣ የጽሑፍ ውል አለመኖሩ አያስፈራችሁ፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ደመወዝ የተላከበት የባንክ ወይም የቴሌብር መረጃ፣ ትዕዛዝ የተቀበለበት የስልክ መልእክት፣ የምግብ ቤቱ ስም ያለበት ጃኬት ማስረጃ ይሆናሉ። አደጋው በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከደመወዙ ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል። በፖስታ የመጣው ገንዘብ ስጦታ ነው ወይስ ከዚህ ግዴታ የተከፈለ ነው የሚለውን በጨዋ ደንብ ጠይቋቸው፤ ሽማግሌ ልካችሁ ካልሆነ ወደ ክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የመኪናው ባለቤት ሆስፒታል መጥቶ «እንታረቅ» ብሎ ወረቀት ቢያቀርብ፣ ማስታገሻ ወስዶ የተኛ ሰው ምንም ነገር ላይ እንዳይፈርም።

ገንዘቡን ሁለት ሰው ይያዘው፤ አንዱ ከእናንተ፣ አንዱ ከቤተሰቡ። ወጪና ገቢው በየሳምንቱ ቡድኑ ላይ ይለጠፍ። በጓደኛሞች መካከል የሚመጣው ጠብ ከማጣት ይልቅ ካለመጠየቅ ነው።


ባለ አፓቼ፦

በሁሉም እስማማለሁ፤ በሞተሩ ጉዳይ ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ። ሞተረኛ ሰው ተኝቶ የሚያስበው ሞተሩን ነው። ተጠግኖ፣ ታጥቦ፣ ቀለሙ ተቀብቶ ፎቶው ቢላክለት ከመድኃኒት ይበልጥ ያነሣዋል ብዬ አምናለሁ። ከተዋጣው ላይ ትንሽ ቢወጣ ምን ይጎዳል?


ክራንች የጣለ፦

ሐሳብህ ከፍቅር እንደመጣ ይገባኛል፤ ነገር ግን ለእኔ እንዲህ ተደርጎልኝ ፎቶውን ሳይ ላብ አጠመቀኝ። ጓደኞቼ ወደ መንገድ እንድመለስ እንደወሰኑልኝ ነበር የተሰማኝ፤ እናቴ ደግሞ በዚያው ሳምንት «ዳግመኛ እንዳትነዳ» ብላ በመስቀል አስምላኝ ነበር። ለሳምንታት በሁለቱ መካከል ስንገላታ ከረምሁ። ተመልሶ ይንዳ አይንዳ እሱ ራሱ በጊዜው ይወስን፤ ንዳም አትንዳም አትበሉት። ለሕክምና ብሎ ሰው ያዋጣው ገንዘብም ለሕክምናና ለቤቱ ብቻ ይዋል፤ ለሞተሩ መዋጮ ካስፈለገ እሱ ሲጠይቅ ለብቻ ይዋጣ።


የሜክሲኮው ሞተረኛ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬውኑ የሌሊት ተራ አውጥተናል፤ ባለቤቱም ከአደጋው ወዲህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ ታድራለች። አጎቱን በሚመለከት ከክፍሉ ነርስ ጋር ተነጋግረን፣ ሐኪሙ ጠዋት ራጁን ሊያሳዩዋቸው ተስማምተዋል፤ እሳቸው ግን «እሰማለሁ፣ ወጌሻውንም አልተውኩም» ብለዋል። የቀረን ጥያቄ አንድ ነው፤ ሞተሩን ባናስጠግነውም ከፖሊስ ጣቢያው ግቢ ዝናብ እየመታው ስለሆነ አውጥተን ጋራዥ ብናስገባው የሚከለክለን ነገር ይኖራል?


አንጋፋው ሞተረኛ፦

ለማውጣት አትቸኩሉ። ምርመራው ሳያልቅና የመድን ድርጅቱ ገማች ጉዳቱን ሳያይ አንድ ብሎን እንኳ ከተፈታ፣ ኋላ «ይህ ጉዳት በግጭቱ የደረሰ አይደለም» ለሚል ክርክር በር ይከፍታል። መርማሪውን አስፈቅዳችሁ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሡት፤ የተጎነበሰው ሹካ፣ የተሰበረው ፔዳል፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው በግልጽ ይታይ። በሸራ መሸፈን ከፈቀዱላችሁ ሸፍኑት፤ ሊብሬውና ቦሎው ሞተሩ ላይ ተትቶ እንደሆነ ተቀብላችሁ ለባለቤቱ ስጧት። መልቀቂያ ሲጻፍ በራሱ ስም ስለሚሆን ለማውጣት የሚሄደው ሰው ውክልና ያስፈልገዋል፤ ውክልናውን የሚሰጥ አካል ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ማስፈረም ይችል እንደሆነ ከአሁኑ ጠይቁ። የአጎቱንም ነገር አታጣድፉት፤ ከሐኪሙ ዘንድ ሲወጡ አንዳችሁ ምሳ ጋብዟቸውና ስለ ልጁ ልጅነት ያውሩላችሁ፤ ወጌሻውን እናንተ አታንሡባቸው።